ካባ ለብሶ ሽርሽር፣ ጅማ ላይ

የድሮ ዘመን ልብስ ለብሳችሁ ጅማ ላይ ሽርሽር ለመውጣት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ፈረንጆቹ የድሮ ልብስ ለብሰው ሜዳ ላይ ምሳ የሚበሉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ በጋቸው ስለሆነ። ጅማ ላይ ሐምሌን የሞከረ ሰው ነጭ ለብሶ ሄዶ ቀይ ለብሶ ይመለሳል። የኛ ወቅት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ሐሙስን ግን ተዉት፣ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ አያላውስም።

ቀጥሎ ዘመን ምረጡ። ዝም ብላችሁ «የድሮ ልብስ» ብላችሁ ሰው ከጠራችሁ አንዱ በዓድዋ ጎፈር ይመጣል፣ ሌላዋ በአፍሮና በቦላሌ፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ቲያትር ቤት እረፍት የወጡ ሰዎች ትመስላላችሁ። ገንዘብ ከሌላችሁ 1960ዎቹ ይቀላሉ፣ ሰልባጅ ተራ ግማሽ ቀን መዞር ይበቃል። የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅረን ለመውጣት ካሰባችሁ ግን የሳቸውን ዘመን ያዙ። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ስለገዙ የምትመርጡት ሞልቷል። እኛ 1880ዎቹን ነው የያዝነው። ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ጅማ ሙዚየም ግቡና የንጉሡን ዕቃዎች በዓይናችሁ እዩ፤ ስልክ ላይ ያያችሁት ፎቶ የጨርቁን ውፍረት አይነግራችሁም።

ለወንድ አቡጀዲ ይበቃል። እጀ ጠባብና ከጉልበት በታች የሚጠብ ሱሪ አሰፉ፣ ከላይ ኩታ ወይም ጋቢ ደርቡ። ለሴት ሰፋ ያለ ረጅም የሸማ ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ መቀነት። የሚያብለጨልጨውን የሰርግ ቀሚስ እባካችሁ ለሰርግ አቆዩት። ጫማ ላይ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው፤ ዳገቱን ስታስቡት የቆዳ ሰንደል ይሻላችኋል። ስኒከር ግን በፍጹም።

ነጠላ ላይ ተጠንቀቁ። ጥለቱን ወደ አንገት አድርጎ መልበስ የሐዘን ነው። አንዷ ጓደኛችን ለፎቶ ያምራል ብላ እንደዚያ ለብሳ ስትወርድ፣ መንገድ ላይ ያገኘናቸው እናት እጇን ይዘው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት። ምን ትበል? «አሜን» ብላ አለፈች። እስከ ምሳ ድረስ ስንስቅ ነበር።

ካባ ከአያት ሳጥን ከተዋሳችሁ ጣጣ አለው። የኔ ከእማማ ሳጥን ሲወጣ የናፍታሊን ሽታው ለጎረቤት ይበቃ ነበር። ሦስት ቀን ጥላ ሥር ስቀሉት፣ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ጨርቁ ከፋይ (ቬልቬት) ከሆነ ካውያ አታስነኩት፣ ፀጉሩ ይተኛና አይነሳም፤ ሙቅ ውኃ የሞላ ባልዲ ያለበት ክፍል ውስጥ ሰቅላችሁ በር ዝጉበት፣ እንፋሎቱ እጥፋቱን ያወጣዋል። ከረዘመባችሁ አትቁረጡት፣ በስሱ ክር ጣል ጣል አድርጋችሁ እጠፉትና ስትመልሱ ፍቱት። ባጃጅ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ጫፉን ሰብስባችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ይህን የምለው የተዋስኩት በርኖስ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሹፌሩና እኔ ዳገቱ መሃል ሩብ ሰዓት ስንጎትት ስለነበር ነው።

ምግቡ ልብሱን ይምሰል። አገልግል ያለው ሰው አገልግሉን ያምጣ፤ በፌስታል የመጣ እንጀራ የወር ዝግጅታችሁን በአንድ ፎቶ ያበላሻል። ጾመኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ከሆናችሁ ሥጋ ከመግዛታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚበላ ጠይቁ። እኔ በጭኮ፣ በዳቦ ቆሎና በብርዝ ነው የምገላገለው፣ ለጾመኛው ቂቤ የሌለበት ለብቻ ይያዝለታል። ጭኮ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ስለሚመጣ እሳት አይፈልግም። ቡና ካማራችሁ ከሰሉን ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውጭ አንድዱ፣ ያ ቤት እንጨት ነው። መቀመጫ የጅማ በርጩማ ይዛችሁ ውጡ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ። ፕላስቲክ ወንበር ካለ ጋቢ ጣል አድርጉበት፣ ማንም አያውቅም።

እውነተኛ ጎራዴም ሆነ ጠመንጃ አትያዙ፣ ጋሻው ከካርቶን ይሠራ። ጥበቃዎቹን አስቀድማችሁ አናግሩ፤ እኛን መጀመሪያ ያስቆሙን «ዓድዋ ገና አይደለም እንዴ?» ብለው ነው። ግቢው አጠገብ መስጊድ ስላለ በሶላት ሰዓት ድምፃችሁን ቀንሱ።

ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ስልኩን ማውጣት ይጀምራል። ያኔ የፈረስ ስም አውጡ። አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ፈረስ የለንም ብላችሁ እንዳትፈሩ። እኛ ጋ አባ ባጃጅ አለ፣ አባ ቻርጀር አለ፣ እኔ ከዚያ በርኖስ ወዲህ አባ ጎማ ነኝ።

ቤት ስትገቡ የጨርቁን ጭቃ እርጥቡን አትሹት፣ ቀይ አፈር ሲታሽ ይገባል። ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ። ካባውን በዚያው ማታ አትመልሱ፣ አንድ ቀን ይናፈስ። እማማ ስትቀበለኝ መጀመሪያ ያሸተተችው አንገቱን ነው።