ባለችን ብር ሱፐርዙም ካሜራ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ የሰፈሬ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና የካሜራ ፎቶ አሳየኝ። ኒኮን ፒ900 የሚባል ሱፐርዙም ነው፣ ማለትም ሌንሱ የማይፈታ፣ በጣም ሩቅ ያለውን የሚያቀርብ ካሜራ። «83 እጥፍ ዙም አለው፤ ጨረቃን ደጅህ ድረስ ያመጣታል አሉኝ። ልግዛው?» አለ። ምን ልታነሳበት ነው አልኩት። «የእህቴ ምርቃት አለ። አዳራሽ ውስጥ ነው።» ብሯ ከደሞዙ ላይ እየቆነጠረ ለወራት ያጠራቀማት ናት። ቁጭ አድርጌ ብዙ አወራሁት። ያወራነውን እዚህ ልጻፈው ያልኩት፣ ብር የተረፈው ሰው ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፣ እኛ ግን አንዴ ከተሳሳትን ከዚያው ካሜራ ጋር ዓመታት ስለምንከርም ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እሱ ሊሠራው የነበረው ነው፤ ምን እንደሚያነሱ ሳይወስኑ ካሜራ መምረጥ። ፒ900 መጥፎ ካሜራ አይደለም፣ እንዲያውም ለወፍ እወደዋለሁ። ግን ሌንሱ ዙም ሳይደረግ ኤፍ 2.8 የነበረው፣ እስከ ጫፍ ሲሳብ ኤፍ 6.5 ይሆናል። ይህ ማለት ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከአምስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያውኑ ብርሃን የለም። ስለዚህ ካሜራው ወይ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ያዘገያል፣ ያኔ እህትየው ዲፕሎማዋን ስትቀበል እጇ ይደበዝዛል፤ ወይ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ይጨምራል፣ ያኔ ፊቷ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የደመራ ማታም፣ የሌሊት ማኅሌትም፣ የሠርግ ራትም ላይ የሚያጋጥማችሁ ይኸው ነው።

ነገሩ ከሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ከሚያደርገው ክፍል፣ ይጀምራል። አብዛኞቹ ርካሽ ሱፐርዙሞች ውስጥ ያለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። ያን ሁሉ ዙም በአንድ እጅ በሚያዝ ካሜራ ውስጥ ማስገባት የተቻለው በእሱ ትንሽነት ነው፤ ጨለማ ላይ የሚሸነፈውም በእሱ ትንሽነት ነው። ለልጁ የነገርኩት ያገለገለ ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 1000 እንዲፈልግ ነው። በ2014 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ዙሙ 16 እጥፍ ብቻ ነው፣ 400 ሚሊሜትር ላይ ያበቃል (ይህ የሌንስ ቁጥር ሲበዛ ሩቁ ይበልጥ ይቀርባል)። ግን ሴንሰሩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ በስፋት የሌላውን አራት እጥፍ ገደማ። ሌንሱም ጫፉ ድረስ ተስቦ ኤፍ 4 ላይ ይቆያል። ከአዳራሽ መሐል ሆኖ መድረክ ለማንሳት 400 በቂ ነው።

እናንተ ግን የምታነሱት ውጭ ከሆነ፣ የገፈርሳን ዳክዬዎች፣ የስሜንን ዋልያ፣ የሳነቴን ቀይ ቀበሮ የምትሉ ከሆነ፣ ሱፐርዙም ለእናንተ የተሠራ ነው። በዚህ ዋጋ እዚያ የሚያደርስ ሌላ ነገር የለም።

እሺ፣ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሻጭም ገዢም የሚያወራው ስለ እጥፉ ነው። እጥፍ ማለት ረጅሙ የሌንስ ቁጥር ለአጭሩ ሲካፈል የሚወጣው ነው፣ በቃ። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 80፣ አውሮፓ ኤፍዜድ 82 የሚባለው፣ 60 እጥፍ ነው። ካኖን ኤስኤክስ 50 ደግሞ 50 እጥፍ። ስትሰሙት ፓናሶኒኩ የሚበልጥ ይመስላል። አስሉት እስቲ፤ ፓናሶኒኩ ከ20 ሚሊሜትር ይጀምራል፣ 20 በ60 ሲባዛ 1200። ካኖኑ ከ24 ይጀምራል፣ 24 በ50 ሲባዛ 1200። ሩቅ ያለውን ወፍ ሁለቱም እኩል ያቀርቡታል! ፓናሶኒኩ የሚበልጠው በሰፊው በኩል ነው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ያስገባላችኋል። ስለዚህ «ስንት እጥፍ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከስንት ሚሊሜትር እስከ ስንት ይሄዳል?» በሉ። በእኔ ግምት ከ1200 በላይ ያለው ለአብዛኞቻችን ትርፍ ነው። ኒኮን ፒ1000 እስከ 3000 ይሄዳል፣ ግን ከ1.4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ በ2018 ሲወጣም ዋጋው 1000 ዶላር ነበር።

ከዚህ የባሰ ማታለያ አለ፤ ዲጂታል ዙም። ፒ900 ላይ 83 እጥፉ እውነተኛ ነው፣ 166 እጥፍ የሚለው ግን ካሜራው ያነሳውን ቆርጦ ሲያሳድገው ነው። ያንን ቤት ገብታችሁ በስልካችሁም ትሠሩታላችሁ። ካርቶኑን ተዉትና ሌንሱ ፊት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ኤስኤክስ 50 ላይ 4.3-215.0 ይላል። ስልካችሁን አውጡና 215ን ለ4.3 አካፍሉ፣ 50 ይመጣል። ፒ900 ላይ 4.3-357 ይላል፣ 83 ይመጣል። እነዚህ የሌንሱ ትክክለኛ ሚሊሜትሮች ናቸው፤ ኤስኤክስ 50 24-1200 የሚባለው በድሮው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ሚዛን ሲለካ ነው። ኦንላይን «48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዲጂታል ዙም» እየተባሉ የሚሸጡ፣ ዙም ሲደረጉ ሌንሳቸው ንቅንቅ የማይል ካሜራዎች አሉ። በነጻ ቢሰጧችሁም እንኳ ስልካችሁ ይሻላል።

አዲስ ሞዴል ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብም ያስከፍላል። ኤስኤክስ 50 የ2012 ነው፣ 12 ሜጋፒክስል። ኤስኤክስ 420 የ2016 ነው፣ 20 ሜጋፒክስል። ወረቀት ላይ ሁለተኛው ያሸንፋል። ግን የሴንሰራቸው መጠን ያው ነው፤ አዲሱ ቪውፋይንደር የለውም፣ ሮው (ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ፎቶ) አያነሳም፣ ቪዲዮውም 720 ላይ ይቆማል። አሮጌው ሁሉም አለው፣ ቪዲዮውም 1080 ነው። አምራቹ ራሱ ርካሽና ውድ መስመር አለው፣ እና የርካሹ መስመር አዲስ ልጅ የውዱን መስመር አሮጌ ልጅ አይተካም።

ቪውፋይንደር፣ ማለትም ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት፣ የሌለው ሱፐርዙም አትግዙ። በዚህ አልደራደርም። ኒኮን ቢ500 የለውም፣ ካኖን ኤስኤክስ 540ም የለውም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ረፋድ ላይ ቆማችሁ አስቡት። ዓሣ በሊታው ንስር ሩቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስክሪኑ ላይ ታርፍና ከራሳችሁ ፊት በቀር ምንም አይታያችሁም። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ካሜራውን ስትይዙ ደግሞ 1200 ላይ እያንዳንዱ የልብ ምት ምስሉን ያዘልለዋል። ካሜራው ቅንድባችሁ ላይ ተደግፎ፣ ክርናችሁ ጎናችሁ ላይ ተጣብቆ፣ ትንፋሻችሁን ግማሽ አውጥታችሁ ስትጫኑት ግን ሌላ ነገር ነው፣ መንቀጥቀጡን የሚቀንሰው ስታቢላይዘርም ሥራውን መሥራት ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወፉ ከፍሬሙ ሲጠፋባችሁ ዙሙን ለአፍታ መልሶ የሚያሰፋ ቁልፍ አለ፣ ኤስኤክስ 50ም ፒ900ም ላይ በግራ እጅ በኩል ሌንሱ ጎን ነው ያለው። ሳትገዙ በፊት ፈልጉት።

አሁን ያገለገለ ስለመግዛት። ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ራሴ አንዴ ተበልቻለሁ። ውጩ እንደ አዲስ የሚያበራ ካሜራ ገዝቼ ቤት ስገባ፣ እያንዳንዱ ሰማይ ላይ፣ ቀኝ ጥግ፣ ግራጫ ነጥብ አለ። ሌንሱን ጠረግኩ፣ አልጠፋም። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሱፐርዙም ሌንስ ሲወጣና ሲገባ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራ ይገባል። ሌንሱ ደግሞ አይፈታም። ስለዚህ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ በእናንተ እጅ አይወጣም፣ ባለሙያ ካሜራውን መፍታት አለበት፣ እሱም ካገኛችሁ ነው።

ስለዚህ ካሜራ ልታዩ ስትሄዱ አንድ ነጭ ወረቀት አጥፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ካሜራውን አፐርቸር (ያ የኤፍ ቁጥር) የሚመረጥበት ሞድ ላይ አድርጉ፣ ኤፍ 8 ላይ አስቀምጡት፣ ዙሙን እስከ ጫፍ ሳቡና ወረቀቱን አንሱት። ጥርት ብሎ ባይታይ ግድ የለም፣ እንዲያውም መደብዘዙ ይሻላል። ከዚያ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አሳድጋችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ጥቁር ወይ ግራጫ ነጥብ ካለ አቧራ ነው። ቀጥላችሁ ዙሙን ከዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ አስወጡ፣ አስገቡ። ጆሯችሁን አስጠጉ። ድምፁ ወጥ መሆን አለበት፤ መሐል ላይ ቋ ካለ፣ ከተንገራገጨ ወይም የሌንስ ስህተት የሚል መልእክት ካመጣ ዋጋ ሳትደራደሩ ተነሱ። የስልካችሁን መብራት በሌንሱ ፊት በሰያፍ አብሩበት፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታያችሁ ሻጋታ ነው። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ ሌላ ቀን ኑ።

ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ካሜራው ሲወጣ ስንት እንደነበር እወቁ። ፒ900 በ2015 600 ዶላር ነበር፣ ኤፍዜድ 80 በ2017 400 ዶላር፣ ካኖን ኤስኤክስ 70 በ2018 550 ዶላር። ዓመታት ያገለገለን ዕቃ በአዲስ ዋጋ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጥላችሁ፤ ካለ የሶኬት ማዞሪያ ብቻ ይበቃል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች በአብዛኛው ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ ቋንቋ አይቀየርም፣ በርካሽ ስታገኙት ይህን አስታውሱ። ቢ500 በአራት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ ከሱቅ የምትገዙት ተራ ድንጋይ ቶሎ ያልቅበታል፣ የሚሞላውን ዓይነት ካልገዛችሁ በየሳምንቱ ታወጣላችሁ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈርና ለገጠር ጉዞ እንደ ፒ900 እና ኤፍዜድ 80 በዩኤስቢ የሚሞሉት ይመቻሉ፣ ፓወር ባንክ ይበቃቸዋል።

ብሩን አሟጦ ካሜራው ላይ መጨረስም ስህተት ነው። ለተጨማሪ ባትሪና ለጥሩ ሚሞሪ ካርድ አስቀሩ። ከዚያ ለመኪና አስቀሩ፣ ምክንያቱም ወፉ የሚገኘው ማለዳ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ሩቁን ሁሉ ያርገበግበዋል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ሌንስ ጥርት አድርጎ አያወጣውም።

ልጁ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። አንድ ኤፍዜድ 1000 አግኝቷል፣ ዋጋውም ከፒ900ው ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ አብረን ልናየው ነው። ነጩን ወረቀት እኔ እይዝለታለሁ።