ከዓባይ በረሃ እስከ ዳሎል፦ የምድርን ታሪክ መማር የጀመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ይዤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዓባይ በረሃ እወርዳለሁ፤ በየዓመቱም ያንኑ ስህተት በሌላ ተማሪ የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ የመጀመሪያው ግን ትዕግሥቴን የጨረሰ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ።

ይህም ከፍታን ከዕድሜ ጋር ማምታታት ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ኒኮላስ ስቴኖ በ1669 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው ሕግ መሠረት፣ ባልተገለበጠና ባልተቆራረጠ የደለል ንብርብር ውስጥ ከታች ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል። ዓባይ በረሃ ይህን ለማየት የተመቸ ስፍራ ነው፤ ከወንዙ አጠገብ አሸዋ ድንጋይ፣ ከእሱ በላይ ጂፕሰም (ጨዋማ ውሃ ሲተን የሚቀር ማዕድን)፣ ቀጥሎ የጁራሲክ ዘመን (ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያበቃው ዘመን) የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ሌላ አሸዋ ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት (ቅልጥ ዓለት ፈስሶ የረጋበት ጥቁር ድንጋይ) ይገኛል። ተማሪው ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ሕጉን ከገደሉ አውጥቶ በአገሩ ካርታ ላይ ሁሉ ይዘረጋዋል። «ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ የአገሪቱ ጥንታዊ ዓለት የሚገኘው እዚያ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በቀይ ቀለም እንደሰረዝሁ አላስታውስም። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። አሞሌ የሚቆረጥበት የዳሎል ሜዳ ጨው፣ ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ዘልቆ ከገባ በኋላ ውሃው እየተነነ የቀረ ሲሆን፣ ከባሕሩ መግባት የተረፉት የዛጎል ድንጋዮች ዕድሜ በመቶ ሺህ ዓመታት ደረጃ የሚቆጠር ነው። በአንጻሩ መቐለ አካባቢ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የስቴኖ ሕግ የሚናገረው ዓለቱ በተነጠፈበት ቅደም ተከተል ስለነበረው ቦታ እንጂ፣ ዛሬ ጂፒኤስ ስለሚያነበው ከፍታ አይደለም። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ምድሪቱ በስንጥቆች ተቆራርጣ እንደ ደረጃ ስለወረደች፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚነዳ ሰው ወደ ጥንት እየወረደ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሲጽፈው ግን ይፈረድበታል።

ከዚሁ የተወለደ ሌላ ስህተት አለ። ተማሪው በደጋ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ሲያገኝ፣ የጥንቱ ባሕር 2,000 ሜትር ድረስ ሞልቶ ነበር ብሎ ይደመድማል። ዛሬ በምድር ላይ ያለው በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የባሕሩ ከፍታ የሚጨምረው 70 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተነሣው ውሃው ሳይሆን በዋነኛነት መሬቱ ነው።

የድንቅነሽን ዕድሜ በካርበን 14 ተለካ የሚሉኝን አሁን አሁን በፈገግታ ነው የማርማቸው። ካርበን 14፣ ማለትም ፍጥረቱ ከሞተ በኋላ በቅሪቱ ውስጥ እየቀነሰ የሚሄደው የካርበን ዓይነት፣ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ 57,300 ዓመት ሲያልፍ ከመነሻው የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያነሰ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት በመሆኗ፣ ካርበኑ ከ550 ጊዜ በላይ ተጋምሶ ለመለኪያ የሚሆን አንድም አያስቀርም። የተለካው አጥንቱ ሳይሆን አጥንቱ በተገኘበት ንብርብር ዙሪያ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ፖታስየም ወደ አርጎን እየተለወጠ የሚጠራቀምበት ፍጥነት ስለሚታወቅ።

ሚሊዮንንና ቢሊዮንን የሚያምታታ ተማሪ፣ የዓባይ ባዛልት ዕድሜ ከምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመት አንድ በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አንድ ጊዜ በእጁ ያስላው።

ከቦታው የተንከባለለን ድንጋይ እንደ ንብርብር መመዝገብ የራሴ ስህተት ስለነበር በእርሱ ላይ የመቆጣት መብት የለኝም። ተማሪ ሳለሁ እዚያው በረሃ ውስጥ፣ በኖራ ድንጋዩ መካከል እስከ ወገቤ የሚደርስ ጥቁር ባዛልት አገኘሁ። ውፍረቱን ለክቼ፣ በደብተሬ ላይ በኖራ ድንጋዩ መካከል አንድ የባዛልት ንብር ስዬ፣ ባሕሩ መካከል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር የሚል ማብራሪያም ጨመርሁበት። መምህራችን ደብተሬን አየና ምንም ሳይናገር ወደ ድንጋዩ ሄዶ በአንድ እግሩ ገፋው፤ ድንጋዩ ተወዛወዘ። ከዚያ «ይህ ንብርህ ወዴት ይቀጥላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ግራና ቀኝ ባይ ነጭ የኖራ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ባዛልቱ ከላይ ከገደሉ አፋፍ የተፈነቀለ ነበር።

ንብርብሩ ሳይቋረጥ የተነጠፈ ነው ብሎ ማሰብም የተለመደ ነው። አንድ ተማሪ ዳይኖሰሮች የጠፉበትን ንብር ፍለጋ ግማሽ ቀን ገደሉን ሲቧጥጥ ዋለ። ትጋቱን ወድጄለታለሁ፤ ነገር ግን በዚያ አካባቢ ከባዛልቱ ሥር ያለው የላይኛው አሸዋ ድንጋይ የክሬታሺየስ ዘመን (ከጁራሲክ ቀጥሎ የመጣውና በዳይኖሰሮች መጥፋት ያበቃው) ሲሆን፣ ባዛልቱ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በአሸዋ ድንጋዩና በባዛልቱ መካከል ባለው፣ መዳፍ በሚሸፍነው ወሰን ላይ፣ ብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ወይ ሳይነጠፉ አልፈዋል ወይ ተነጥፈው ተሸርሽረዋል።

አማካይ ፍጥነትን የዕለት ተዕለት ፍጥነት አድርጎ መውሰድም እንዲሁ ያሳስታል። አፋር በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ አማካይ ፍጥነት ይሰፋል ይባላል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ግን እዚያው አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ ዓለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት ሲሰነጥቀው፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

በመጨረሻ፣ ነጭ የሆነውን ሁሉ የኖራ ድንጋይ ብላችሁ አትጻፉ። የኖራ ድንጋይ ደካማ አሲድ ጠብ ሲልበት ይፈላል፤ ጂፕሰም ግን አይፈላም፣ በጥፍርም ይጫራል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ ጂፕሰሙ የሚያመለክተው ጥልቀት የሌለውና እየተነነ ያለቀ ውሃን ሲሆን፣ የኖራ ድንጋዩ ቅርፊት ያላቸው እንስሳት የሚኖሩበትን ክፍት ባሕር ነው። አሲዱ ያልቃል፣ ጠርሙሱም ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል፤ ጥፍራችሁ ግን ሁልጊዜ አብሯችሁ አለ፣ ስለዚህ ከእርሱ ጀምሩ።