የአንዱ ሕልም የከበደውን ትዳር በልብ ወለድ ለመጻፍ

ከተጋቢዎቹ የአንዱ ምኞት ትዳሩን ሲያስጨንቀው የሚተርክ ረጅም ልብ ወለድ ለመጻፍ ያሰበ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማንም በቀላሉ የማይነቅፈው ምኞት መምረጥ አለበት። ባልየው ገንዘብ ብቻ የሚያሳድድ፣ ወይም ሚስትየዋ ዝና ብቻ የሚያምራት ተደርጋ ከተቀረጸች፣ አንባቢው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይፈርዳል፤ ከፈረደ በኋላ ደግሞ መጽሐፉን የሚጨርስበት ምክንያት አይኖረውም። ለምሳሌ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ነርስ ቀን እየሠራች ማታ ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር ትነሣለች እንበል። ባሏ መምህር ነው፤ እንድትማርም ከልቡ ይፈልጋል። የዚህ ታሪክ ሕመም ሁለቱም እውነት ያላቸው መሆኑ ነው።

ቦታውን ለማስጌጫ ብቻ አይጠቀሙበት። ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት፣ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ይገኛል፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ በስተ ሰሜን ነው። ትምህርቷ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢያልቅ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ መሀል ላይ ወርዳ ሌላ ይዛ፣ ቤቷ የምትደርሰው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጆቹም ተኝተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመጻፍዎ በፊት የዚህን ቤት የአንድ ሳምንት ውሎ ከእሑድ እስከ እሑድ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ማን ነቅቶ በርሜሉን ይሞላል፣ ልጅ ሲያተኩሰው ከሥራ የሚቀረው ማን ነው፣ ራቱን ብቻውን የሚበላው ማን ነው? በእኔ እምነት እንዲህ ያለ ልብ ወለድ የሚሞተው ደራሲው ስሜትን ብቻ ጽፎ ሰዓትን ሲረሳ ነው።

ገንዘቡንም እንዲሁ በዝርዝር ይያዙት። በ20/80 መርሐ ግብር የተገዛ ቤት 20 በመቶው በቅድሚያ የሚከፈል ሲሆን፣ ቀሪው 80 በመቶ በባንክ ብድር ለዓመታት በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣ ገንዘቡ ለባንኩ ይሁን ወይስ ለትምህርት ክፍያው የሚለው ጥያቄ ብቻውን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሸከማል። በአዲስ አበባ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት የሆነን ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ከ500 ብር በላይ መበደርም እንደዚሁ ነው። ያ ገንዘብ ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይበቃም፤ ሚስትየዋ ለምዝገባ ከሥራ ባልደረባዋ በምስጢር ብትበደር ግን ጉዳዩ ከልብ ቅሬታ አልፎ ወደ መብት ጥያቄ ይሸጋገራል። ታሪኩን ወደ ለገጣፎ ወይም ወደ ሱሉልታ ከወሰዱት፣ እዚያ የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ የፍርድ ቤት ትዕይንት ከመጻፍዎ በፊት እሱን ያንብቡ።

ጠብ ሲጽፉ ረጅም ንግግር አይስጧቸው። የተቀያየሙ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት በልጅ በኩል ነው፤ «ለእናትሽ ራት ቀርቧል በያት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ገጽ ወቀሳ ይበልጣል። ሽማግሌዎች የሚገቡበትን ክፍል ግን በሰፊው ይጻፉት፤ ምክንያቱም የከተማ ዳር ሕይወት የተለየ ገጽታ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም የመጡ ቤተሰቦች የሚያውቃቸውን ጎረቤትና የቆየ ዕድራቸውን ትተው ስለሚመጡ፣ አስታራቂው አጎት ወይም የነፍስ አባት ከሩቅ ይጠራል፤ እስኪመጣም ነገሩ ይከርማል። ሽማግሌው «ምን አጎደለችብህ?» ብሎ ሲጠይቀው ባልየው የሚጠቅሰው አንድም ጥፋት አያገኝም፤ ደራሲው ያን ዝምታ ቸኩሎ መስበር የለበትም።

ቤት የቀረውን ሰው ጠባቂ ብቻ አድርጎ መተው ትልቅ በደል ነው። መምህሩም የራሱ ፍላጎት፣ ያሳደረው ዕቅድ፣ ለማንም ያልነገረው ቅናት ይኑረው። ውሽማ በማስገባት ታሪኩን ለማፋጠን ግን አይሞክሩ፤ ውሽማ ከመጣች አንባቢው ጥፋተኛውን አግኝቻለሁ ብሎ የምኞቱን ጥያቄ ይረሳዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ባለትዳር ለሆኑ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ይስጡና ከሁለቱ ለማን እንዳዘኑ ይጠይቋቸው። ሁሉም ለአንዱ ብቻ ካዘኑ፣ ሌላው ብቻውን ወደሚታይባቸው ምዕራፎች ተመልሰው እንደገና ይጻፏቸው።