ግማሹ ከቤት፣ ግማሹ ከቢሮ፦ ቡድኑ ሳይራራቅ እንዴት ይሠራል?

አዳማ ቢሮ ኖሯችሁ ሠራተኛው ከቢሾፍቱ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ከቤት ማሠራት ቅንጦት አይደለም። የፍጥነት መንገዱ መሃሉን ቢያሳጥረውም፣ ከሁለቱም ጫፍ ያለው የታክሲ ሰልፍ ሰውን አድክሞ ነው የሚያደርሰው።

ነገሩ እንደሚያዋጣም ማስረጃ አለ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ትሪፕ ዶት ኮም በተባለው የቻይና ኩባንያ 1,612 ሠራተኞች ላይ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ሥራ የሚለቁትን በሲሶ ቀንሷል፤ የሥራ ውጤትንም አልጎዳም።

መጀመሪያ የቢሮ ቀን አንድ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ በመረጠው ቀን ከመጣ፣ ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ባዶ ወንበር ሊያይ ነው። በዚያ ጥናት የቤት ቀናቱ ረቡዕና ዓርብ ነበሩ። ለእኛም ይስማማል፤ ጿሚው ምሳውን ቤቱ ይበላል፣ ጁምዓ የሚሰግደውም ሳይጣደፍ ይደርሳል።

ቀጥሎ ያለው ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ ውሳኔን ቤት ላለው ሰው ማድረስ። እኛ አገር ውሳኔ የሚሰጠው ስብሰባ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከቢሮ በታች ያለው ካፌ፣ ማኪያቶ ላይም ይወሰናል። አንድ ቦታ ስሠራ ባልደረባችን ቤቷ ሆና ጠዋቱን ሙሉ የዋጋ ማቅረቢያ ስታዘጋጅ፣ አለቃችን ከሁለት ሰዎች ጋር ቡና እየጠጣ አቅራቢውን ቀየረ። የሰማችው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ ግን ስብሰባ ላይ ሐሳብ ማቅረብ አቆመች፤ ሲጠይቋት «እናንተ የወሰናችሁትን እሠራለሁ» ትላለች። ሠራተኛ ልቡ ከሥራው የሚሸሸው እንዲህ ነው፤ ደመወዝ ቢጨመርለትም በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ለውሳኔ ብቻ የሚሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ አይሆንም፤ የ«እንኳን አደረሳችሁ» መልእክትና ስቲከር ይቀብረዋል። የወሰነው ሰው ራሱ በዚያው ቀን አራት ነገር ይጻፍ፦ ምን ተወሰነ፣ ለምን፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። ለምሳሌ፦ «የወንጂው ርክክብ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል። ምክንያቱ መኪናው ጋራዥ መግባቱ ነው። ለደንበኛው ሽያጭ ክፍል ይደውላል፣ ዛሬ እስከ 10 ሰዓት።» የድምፅ መልእክት አትፍቀዱ፤ ከወር በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። አስቸኳይ ካልሆነም ውሳኔው እስከ ማግስቱ 4 ሰዓት ድረስ ለተቃውሞ ክፍት ይሁን። ይህችን ካልጨመራችሁ ቻናሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስብሰባ ላይ በስልክ የገባው ቀድሞ ይናገር። ካሜራ ማስከፈት ዳታ መጨረስ ነው፤ ድምፅ ይበቃል። የኢንተርኔት ጥቅሉን መሥሪያ ቤቱ ይክፈል። መብራት ሲጠፋ ሰውየው በአጭር መልእክት ያሳውቅ፣ እንደ ቀሪ አይቆጠርበት።

በቢሮ ቀን ሁሉም ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ እንዳይውል። ማይክሮሶፍት ከ61,000 በላይ ሠራተኞቹን እ.ኤ.አ. በ2020 አጥንቶ ያገኘው፣ ሁሉም ከቤት መሥራት ሲጀምሩ ሰው ከራሱ ክፍል ጋር ተጣብቆ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ግንኙነት መሳሳቱን ነው። ስለዚህ ሒሳብና ሽያጭ፣ ግዢና መጋዘን በዚያ ቀን አብረው ይቀመጡ፤ የተንጠለጠለ ጉዳያቸውን ፊት ለፊት ይጨርሱ።

የሥራ ሰዓትን ቤትም ሆነው አክብሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ማታ 3 ሰዓት «አንዴ ብቻ» ብሎ መደወል ሰውን ያስመርራል፤ ጠዋት ይደርሳል።

አዲስ የተቀጠረ ሰው ግን የመጀመሪያውን ወር ቢሮ ይዋል፣ አጠገቡም አንድ ነባር ሠራተኛ ይኑር። ማንን ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ቤት ከተቀመጠ ዝም ብሎ ይቸገራል፣ እናንተም የምታውቁት መልቀቂያ ሲያስገባ ነው።