ከሰይፍ የተቆረጠ ቢላ እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ የከሰርኩበትን ላውራችሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የጦር መሣሪያ ባዛር ላይ አንድ ሽማግሌ ቢላ አሳዩኝ። «ከፓተን ሰይፍ የተቆረጠ ነው፤ አባቴ ፓስፊክ ይዞት ዘምቷል» አሉኝ። ታሪኩ አንጀት ይበላል። 280 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁ። ቤት ስደርስ ለአጎቴ አሳየሁት። አጎቴ ኮልፌ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ የሠራ ሰው ነው። በጥፍሩ ቆርቆር አደረገውና «አንተ፣ ይሄ እኮ ባሌስትራ ነው» አለኝ። የመኪና ባሌስትራ!

ከዚያ ወዲህ ሻጭ ሲያወራ ጆሮዬን እሰጣለሁ፣ ዓይኔ ግን ከብረቱ አይነሳም። ብረቱን ለማንበብ ደግሞ መጀመሪያ ሰይፉን ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅ ፓተን በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጄኔራል ከመሆኑ በፊት በ1912 የስቶክሆልም ኦሎምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን ተወዳድሮ 5ኛ የወጣ ወጣት መኮንን ነበር። ፈረንሳይ ሶሚዩር ሄዶ የሰይፍ ትምህርት ተማረ። ሲመለስ ለአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር አዲስ ሰይፍ ነደፈ፤ በ1913 ተቀባይነት አገኘ። ፈረሰኛው እንዲወጋበት እንጂ እንዲቆርጥበት አላሰበም፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ ነው። በእኛ አነጋገር ጎራዴ ሳይሆን ሰይፍ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የመንግሥቱ የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ሠራው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ኮነቲከት ያለው ላንደርስ፣ ፍሬሪ ኤንድ ክላርክ በብዛት አመረተው። ግን ዘመኑ የመትረየስ ሆነ። በ1934 ፈረሰኛው ጦር ሰይፉን ጨርሶ ተወው።

በ1941 መጨረሻ አሜሪካ ጦርነት ስትገባ ግን ለወታደሩ የሚበቃ የውጊያ ቢላ አልነበረም። ኤም3 የሚባለው የሠራዊቱ ቢላ የመጣው በ1943 ነው። በመሃል ባለው ጊዜ ትናንሽ ወርክሾፖችና ባለሙያዎች የተረሳውን ሰይፍ እየቆረጡ ቢላ አደረጉት። በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ የሚጠራው ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል የነበረው አንደርሰን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የሰይፉ ስለት ወደ 89 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሦስት ቢላ ይወጣዋል። ስለዚህ ቢላ ሲያሳዩኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የሰይፉ የትኛው ቁራጭ ነው?» የሚል ነው። ይህን የምጠይቀው ሻጩን ሳይሆን ብረቱን ነው። ሰይፉ የፊት ስለቱ ከላይ እስከ ታች ስል ነው፤ ጀርባው ግን ስል የሆነው ከመሃል እስከ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጫፉ የተቆረጠው ቢላ በሁለቱም ወገን ስል ይሆናል፣ ጫፉም የፋብሪካ ጫፍ ነው። ከእጀታው አጠገብ የተቆረጠው ጀርባው ስል አይደለም፣ ወፍራምም ነው። የመሃሉ ጫፉ በኋላ የተሞረደ ነው፤ በብረቱ ላይ የሚወርደው ቦይ ሹሉ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ተቆርጦ ይቀራል። ያ መቆረጥ ለእኔ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጥብኛል። የኔ ባሌስትራ ቦይ የሚባል አልነበረውም፤ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነበር፣ ስፋቱም ሦስት ጣት። የፓተን ሰይፍ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ ቆሜ እያየሁ ነው እንግዲህ የከፈልኩት።

ከእጀታው አጠገብ የተቆረጠ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ማኅተሙ እዚያ ነው ያለው፦ በአንድ ወገን የፋብሪካው ምልክትና ዓመት፣ በሌላው «ዩ.ኤስ.» ከተራ ቁጥር ጋር። አንዳንዴ ግማሹ እጀታው ውስጥ ይገባና ቁጥሩ ብቻ ይታያል። እጀታውን ፈታችሁ ለማየት አትሞክሩ! አንድ ጓደኛዬ ሞክሮ የፕሌክሲግላስ (እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ) እጀታውን ሰነጠቀው።

ስለ እጀታ ካነሳን፣ አሉሚኒየም አለ፣ ናስ አለ፣ የተደራረበ ቆዳ አለ፣ ፕሌክሲግላስም አለ። እጀታ ለማስመሰል ቀላል ነው፤ እኔም በእጀታ ብዙ አላምንም። የማየው እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ሰማንያ ዓመት አብረው ከኖሩ ላቡም ዝገቱም እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል። ብረቱ ጠቁሮ ስንጥቁ ንጹሕ ከሆነ እጀታው የትናንት ነው። የተሞረደውንም ጫፍ በአጉሊ መነጽር እዩት፤ የሞረዱ ጭረት የሚያብለጨልጭ ከሆነ አንዱ ብልጥ የተሰበረ ሰይፍ ገዝቶ ባለፈው ወር ጋራዡ ውስጥ ቆርጦታል። ትንሽ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) ባትሪ መብራትም ያዙ፤ ብዙዎቹ የዘንድሮ ሙጫዎች በሱ ሲበራባቸው ያበራሉ።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሞረድ አይንካው። የጠቆረው የዕድሜው ቀለም ነው፤ ካነሳችሁት ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ቀይ ዝገት ካለ በማዕድን ዘይት በራሰ ጥጥ ቀስ ብላችሁ አንሱት። በባዶ እጅ ከነካችሁ ጥረጉት፤ የጣት አሻራ ያዝጋል። አፎቱ ቆዳ ከሆነ ቢላውን ውስጡ አታሳድሩት፤ ቆዳው አሲድ አለው፣ ናስ ካገኘም አረንጓዴ ያወጣል። እኔ አፎቱን ጎኑ አስቀምጣለሁ። በሁለቱም ወገን ስል የሆነ ጩቤ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ከቤት ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የስቴታችሁን አጣሩ። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይታሰብም።

ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ለምን በዚህ ነገር ፍቅር እንደያዘኝ ነው። የአያቴ ጎራዴ ስለቱ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረው። ልጅ ሆኜ ማንበብ አልችልም ነበር። ኋላ ሳነበው «ዞሊንገን» ይላል፣ የጀርመን ከተማ። እጀታው የሐበሻ፣ ብረቱ የጀርመን። ከዚያ ጀምሮ ብረት ሳይ ከየት መጣ ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ባሌስትራውን አጎቴ ወስዶታል። ለፋሲካ በግ ብልት ሲያወጣበት «ከፓተን የተሻለ ነው» ይለኛል፤ የ280 ዶላሩንም ነገር በየዓመቱ ለእንግዳው ሁሉ ያወራል።