ከለቡ እስከ ሞርዶር፦ የእግር ጉዞን በደብተር መያዝ

በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ታሪክ ፍሮዶና ሳም የተባሉት ባልንጀሮች ከአገራቸው ከሻየር ተነስተው ሞርዶር ውስጥ ካለው የእሳት ተራራ እስኪደርሱ ያለው መንገድ 1,779 ማይል ተብሎ ተሰልቷል፤ ወደ 2,863 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስሌቱ የተመሠረተው ካረን ዊን ፎንስታድ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የዚያ ዓለም አትላስ ላይ ነው። ይህን ርቀት በየሰፈራቸው እየተራመዱ የሚጨርሱ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። እኔ አዲስ አበባ ዳር፣ ለቡ ነው የምኖረው፣ የምተዳደረውም የሂሳብ መዝገብ በመያዝ ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ፤ በዚህ ጉዞ ሰዎች የሚያቆሙት እግራቸው ስለደከመ ሳይሆን የት እንደደረሱ ስለጠፋቸው ነውና።

መጀመሪያ መንገዱን በአራት ክፈሉትና የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ጻፉት። ከሻየር እስከ ሪቨንዴል 737 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ሎትሎሪየን 744፣ ከዚያ እስከ ራውሮስ ፏፏቴ 626፣ የመጨረሻው እስከ እሳቱ ተራራ 756። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከኛ ሰፈር ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚገባውን ባቡር ሐዲድ ያህላል፤ ሐዲዱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ተጓዦቹ በአብዛኛው በጀልባ ነው የሄዱት። ስለዚህ ይዘለል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልዘለውም። አንድ ምዕራፍ የጎደለው ድምር 2,863 አይሞላም።

ቀጥሎ የቀኑ ልክ። በቀን 8 ኪሎ ሜትር ከተራመዳችሁ በ30 ቀን 240 ይሆናል፣ ከመስከረም 1 የጀመረ ሰው ነሐሴ ሳያልቅ ይጨርሳል፤ ጳጉሜን ለዕረፍት ይተርፋል። የኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፣ ወሩ ሁሉ እኩል ነውና ገጹም እኩል 30 መስመር ይሆናል። ደስ የሚለው ደግሞ የሻየር ሰዎችም በታሪኩ እንደኛው 12 ወር ባለ 30 ቀን አላቸው፤ ከወር ውጭ የሆኑ 5 ቀኖች፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6 አሏቸው። በእነሱ ፍጥነት ግን አትሂዱ። ሪቨንዴል ላይ ሁለት ወር ዐርፈው እንኳ መንገዱን በስድስት ወር ነው የጨረሱት።

8 ኪሎ ሜትር በክረምት ጭቃ ይከብዳል። ወደ ፉሪ የሚወስዱት የአፈር መንገዶች ሐምሌ ላይ ጫማ ነው የሚያስቀሩት። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በቀን 9 አድርጉት፣ 2,160 ይሆናል። ለመስከረምና ለሦስቱ የክረምት ወራት የሚቀረው 703 ነው፣ በቀን 6 እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ልኬት። ስልካችሁ የሚቆጥረው እርምጃ ነው፣ ኪሎ ሜትሩን የሚያወጣው በግምት ነው። የራሳችሁን እርምጃ ለኩ። ከግንበኛ ረጅም ሜትር ተዋሱ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ እንደ ወትሯችሁ 100 እርምጃ ሂዱ፣ ርቀቱን ለኩ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ያዙ። የኔ 64 ሜትር ነው፣ አንድ እርምጃ 0.64 ሜትር ማለት ነው። በዚህ ልክ 12,500 እርምጃ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ስልኩ አንዱን እርምጃ 0.75 አድርጎ ቢይዘው ግን ያው 12,500 ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በየቀኑ 1.375 ትርፍ፣ በወር ከ41 ኪሎ ሜትር በላይ ያልሄዳችሁት መንገድ! ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራልና ለዳገት ለብቻው ለኩ። በታላቁ ሩጫ የምትሳተፉ ከሆነ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትሩን ስልካችሁ ስንት እንዳለው አመሳክሩ፤ ከዚህ የተሻለ መፈተሻ አላገኘሁም።

ደብተሩ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የዛሬ፣ የዞረ (እስከ ትናንት የተደመረው)፣ ድምር፣ እስከ ቀጣዩ ምዕራፍ ቀሪ። ለምሳሌ የዞረው 412.6 ሆኖ ዛሬ 7.8 ብትሄዱ ድምሩ 420.4፣ እስከ ሪቨንዴል የሚቀረው 316.6 ነው። በእስክሪብቶ ጻፉ። ቁጥር ስታርሙ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ አስፍሩ፣ የተሰረዘው ይነበብ። ከመተኛታችሁ በፊት መዝግቡ፤ ስልኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀማ ቁጥሩን የምታዩበት የለም። ባጃጅ ስትሳፈሩ ቆጣሪውን አጥፉት፣ የኮብልስቶኑን መንገጫገጭ እርምጃ ብሎ ሲይዝ አይቻለሁ።

የቱ ይቆጠራል? የቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አይቆጠርም። ከበር ወጥቶ የተሄደ ሁሉ ይቆጠራል፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ መመላለሱንም እጽፈዋለሁ፤ ሳምም እኮ ድስቱን ተሸክሞ ነው የሄደው። በታክሲ ሰልፍ ፈንታ በእግር የተገባበት መንገድማ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ሲነጋጋ ብቻችሁን አትውጡ፤ እኛ ዳር ላይ ጅቡ ገና ወደ ጉድጓዱ አልተመለሰም። ሙሉ በሙሉ ይንጋ።

ለሁለት መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ። ከኔ ጋር የሚራመዱት ጎረቤቴ እማማ ታሪኩን አላነበቡትም። ማታ ማታ «ልጄ፣ ዛሬስ የት ደረስን?» ይሉኛል፣ እኔም ደብተሩን አይቼ እዚያ ቦታ ላይ የሆነውን እተርክላቸዋለሁ። ቀሪው ባይጻፍ ኖሮ የምተርከው አይኖረኝም ነበር። ኪሎ ሜትሩን ግን አንደምረውም፤ እሳቸው የራሳቸው ደብተር አላቸው። ሁለት ሰው የሄደው 6 ኪሎ ሜትር 6 ነው እንጂ 12 አይደለም።

በወሩ 30ኛ ቀን ገጹን ዝጉ። የዛሬ የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ደምሩት፣ በወሩ መጀመሪያ ከዞረው ጋር ደምራችሁ ከመጨረሻው ድምር ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ አዲሱን ወር አትጀምሩ፤ የተሳተውን መስመር ፈልጉ፣ ብዙውን ጊዜ ከገጽ ወደ ገጽ ሲዞር የተገለበጠ ቁጥር ነው።