ስፓኒሽና ያቺ ትንሽ ጭረት፦ ችግርና መፍትሄ

ስፓኒሽ ስጀምር ፊደል አናት ላይ የምትሰመረውን ጭረት እንደ ጌጥ ነበር የማያት። ደስ ሲለኝ አደርጋታለሁ፣ ካልሆነ እተዋታለሁ። ከዚያ አስተማሪዬ ደብተሬን በቀይ ሞላችው። የሚከተሉት እኔም ብዙ ጀማሪዎችም የምንወድቅባቸው ቦታዎች ናቸው።

«አባዬ» ስል «ድንች» ይሰሙኛል

ጥፋቱ የጆሯችን ነው። እኛ ቃል የምንለየው ተነባቢውን በማጥበቅና በማላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖሩን ይነግረናል። ስፓኒሽ ግን ከቃሉ አንዱን ክፍል ጫን ይለዋል። የዚያ ክፍል አናባቢ ጎላ፣ ትንሽም ረዘም ይላል። በላቲን አሜሪካ «ፓፓ» ፊተኛው ፓ ሲጫን ድንች፣ ኋለኛው ሲጫን አባዬ ነው። ሁለቱን እኩል ካወጣችኋቸው ሰሚው ግራ ይገባዋል።

መፍትሄው አንድ ሕግ ነው። ቃሉ በአናባቢ፣ በኤን ወይም በኤስ ካለቀ ጫናው ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ባለው ክፍል ላይ ያርፋል። በሌላ ተነባቢ ካለቀ መጨረሻው ላይ ነው። ከዚህ ላፈነገጠው ጭረት ይደረግለታል። ስለዚህ ጭረት ከሌለ በሕጉ አንብቡ። ካለ ደግሞ ሕጉን ተዉትና ጭረቷ ያለችበትን ተጫኑ። የእኛን «አለ» ዕድሜ ልካችንን ከዐረፍተ ነገሩ እየገመትን ነው የምናነበው፤ እነሱ ቢያንስ ጽፈው ይሰጡናል!

ለልምምድ ከስፔን እግር ኳስ ክለቦች ስም የተሻለ አላገኘሁም። ባርሴሎና በአናባቢ ስለሚያልቅ «ሎ» ላይ ይጫናል፣ ጭረት የለውም። ማድሪድ በዲ ስለሚያልቅ መጨረሻው ላይ ነው፣ እሱም ጭረት የለውም። ማላጋን በሕጉ ብናነበው «ላ» ላይ ይሆን ነበር፤ የከተማዋ ሰዎች ግን «ማ»ን ነው የሚጫኑት። ጭረቷም እዚያው ናት። አላቬስና ሌጋኔስ በኤስ እያለቁ መጨረሻቸው ላይ ይጫናሉ፣ ስለዚህ ጭረት አላቸው። ካዲዝስ ለምን «ካ» ላይ ጭረት ኖረው? እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

«እናገራለሁ» ብዬ ስጽፍ «ተናገረ» ይሆናል

ይሄ ከሁሉም የሚያሳፍረው ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱም ጊዜውም አብረው ይቀየራሉ። «አብሎ» ፊቱ ሲጫን እናገራለሁ፣ መጨረሻው ሲጫን ተናገረ ነው። «ቴርሚኖ» ደግሞ ሦስት ነው፦ መጀመሪያው ሲጫን ማብቂያ፣ መካከሉ ሲጫን እጨርሳለሁ፣ መጨረሻው ሲጫን ጨረሰ። ግሱን ስታጠኑ ሁለቱን ጥንድ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ በሉ። በዓይን ብቻ አይያዝም።

በነጠላ የነበረው ጭረት በብዙ ቁጥር ጠፋ

አልጠፋም። ጫናው ቦታው ላይ ነው ያለው፤ የረዘመው ቃሉ ነው። «ካንሲዮን» (ዘፈን) ጭረት አለው፣ «ካንሲዮኔስ» ሲሆን ግን ጫናው ሕጉ የሚያዘው ቦታ ላይ ስለሚውል ጭረት አያስፈልገውም። «ሆቤን» (ወጣት) የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ሲሆን ጭረት ያገኛል። ሁልጊዜ ከኋላ እንደገና ቁጠሩ።

ማሪዮ ጭረት የለውም፣ ማሪያ አላት

ኢ እና ኡ ደካማ አናባቢዎች ናቸው። ከአ፣ ከኤ ወይም ከኦ አጠገብ ሲሆኑ ተዋህደው አንድ ክፍል ይሆናሉ። ማሪዮ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፣ «ማ» ይጫናል። ማሪያ ላይ ግን ኢ ራሷ ስለምትጫን ጭረቷ ትለያያቸዋለች፤ ሦስት ክፍል ይሆናል።

«ቱ» ሁለት ዓይነት ነው

ድምፁ አንድ ነው፣ አትጨነቁ። ባለ ጭረቱ አንተ ወይም አንቺ፣ ጭረት የሌለው ያንተ ወይም ያንቺ ነው። ይሄ ለዓይን ብቻ ነውና ሸምድዱት።

ስልክ ላይ ፊደሏን ጫን አድርጋችሁ ብትይዙ ባለ ጭረቷ ትወጣለች። ትልቅ ፊደልም ቢሆን ጭረቱ አይቀርም። እዚያው ሳላችሁ ኤን አናት ላይ የምትሆነዋን ሞገድም ፈልጉ። እሷ ጫና አታሳይም፣ ራሱን የቻለ ፊደል ናት። «ዓመት» የሚለውን ቃል ያለሷ ከጻፋችሁት ግን ዕድሜያችሁን ሳይሆን ስንት ፊንጢጣ እንዳላችሁ ነው የምትናገሩት።